ጎዶሎ ለቀኝ፣ ጥንድ ለግራ

ሻምፒዮኑ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ይህን ከጅምሩ መናገር ይሻላል፣ ኋላ ተታለልኩ የሚል እንዳይኖር። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ በትምህርት ቤቶች የቴኒስ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ፣ ተጋጣሚው በዋዜማው ኩፍኝ ይዞት ቀረና ዋንጫው አንዲት ኳስ ሳይመታ እጁ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉር አስተካካዩም፣ ባለሱቁም፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩም «ሻምፒዮን» ይሉት ጀመር። ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ዋንጫው እናቱ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጦ የልብስ መቆንጠጫ ይይዛል፤ ስሙም እንዳለ አለ።

ሙያው ግን የምር ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የሚተዳደረው በራኬቱ ነው። በአውቶቡስ፣ በባቡርና ሲቀናው በአውሮፕላን እየዞረ፣ እናቱ ስማቸውን አጥርታ በማትጠራቸው ከተሞች ሁሉ ተጫውቷል። አንድ ጊዜ በዓለም መቶ ሰማንያ ሰባተኛ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ያን ጊዜ አጎቱ የደረጃውን ወረቀት በላስቲክ አስለብጦ ኪሱ ከተተው፤ ዛሬም እያወጣ ለማያውቃቸው ሰዎች ያሳያል። አሁን ሻምፒዮኑ አራት መቶ ሦስተኛ ነው። ከየጨዋታው በኋላ እናቱ ጋ ይደውላል። እሷ አሸነፍክ ወይ ብላ አትጀምርም፤ ያረፍክበት ሆቴል አንሶላው ንጹሕ ነው ወይ ትላለች። ስለ አንሶላው በደንብ ከተብራራላት በኋላ ነው ወደ ውጤቱ የሚገባው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እናቱ ልጇ ሲጫወት ሠላሳ አንድ ጊዜ በዐይኗ አይታዋለች፤ ሠላሳ አንዱንም ጊዜ ተሸንፏል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሰው አይደለም፤ ከሁለት ጨዋታ አንዱን ያሸንፋል። ያሸነፈውን ሁሉ ግን እናቱ የሰማችው በስልክ ነው። እሷ ሜዳ ዳር የተቀመጠች ዕለት፣ ትናንት ተንበርክኮ የለመነው ተጋጣሚ ሳይቀር ዛሬ አንበሳ ሆኖ ይመጣል። አሁን ሻምፒዮኑ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲወርድ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሯል። በገዛ ከተማው በሚካሄደው ውድድር ተጫውቶ ራኬቱን ሊሰቅል ወስኗል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሲያሸንፍ እንድታየው።

ይህች እናት በቴኒሱ ውስጥ ከማንም በፊት የነበረች ሰው ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። የሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል ስለማይበቃ አንሶላው በትልልቅ ከረጢት እየተጫነ ግቢዋ ይመጣል። ከግንብ እስከ ግንብ በተወጠረው ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። ሻምፒዮኑ በልጅነቱ መረብ አልነበረውም፤ መረቡ አንሶላው ነበር። እሱ ከወዲያ ይቆማል፣ እናቱ ከወዲህ መጥበሻ ይዛ ትቆማለች። እሱ በአንሶላው አናት ላይ ኳስ ይሰዳል፣ እሷ በመጥበሻው ጧ አድርጋ ትመልሳለች። ለጥጥ አንሶላ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የነበረ አይመስለኝም።

አንሶላው ረጅም ስለነበረ ግን አንዱ ሌላውን አያይም። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሷ ሁለት ጊዜ የእናቱን አፍንጫ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የድስቱን ወጥ አገኘች። ስለዚህ መላ ፈጠሩ። አንሶላ አጣቢ የሚቆጥረው በጥንድ ነው፤ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ፣ ለአንድ አልጋ ሁለት። የጎደለ ካለ ጎዶሎ ይባላል። ልጁ ከመምታቱ በፊት ኳሷን መሬት ላይ እንዲያነጥር ነገረችው። ቆጥራ ጎዶሎ ከሆነ በቀኟ፣ ጥንድ ከሆነ በግራዋ ትጠብቃለች። እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ በቀሚሷ እስክትጠርግ ድረስ ረዘም አድርጎ፣ ስምንትም አሥራ ሁለትም ጊዜ እንዲያነጥር አዘዘችው። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዋም ወጡም ሰላም አገኙ። ልጁ አደገ፣ እውነተኛ ሜዳ ላይ ወጣ፣ መላውንም እንደ ወተት ጥርሱ ጥሎት ሄደ።

ኳስ ማንጠሩ ብቻ አልለቀቀውም። ሻምፒዮኑ ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት፣ ከመምታቱ በፊት ኳሷን ሲያነጥር ተመልካች ያዛጋል፣ ዳኛ ሰዓቱን ያያል። አንድ ጊዜ ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ እሱ እያነጠረ ሳለ ማስታወቂያ ገብቶ ወጥቶ አሁንም ሲያነጥር አገኙት። ለምን እንደሚያደርገው የጠየቁት ሁሉ ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ እጄ ሲበቃው ያቆማል ይላል።

አሰልጣኙ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ አጎቱ ነው። አጎት ሙያው መኪና ማስተማር ነበር፤ ሁለት ፍሬን ያላት የማስተማሪያ መኪናው ዛሬም ከሱ ጋር አለች። ቴኒስን ያስተማረውም በዚያው ቋንቋ ነው። ሰርቭ ላይ ክላቹን ቀስ ብለህ ልቀቅ ይለዋል፣ ወደ መረብ ስትሮጥ ማርሽ ቀይር ይለዋል፣ ሲሸነፍ ደግሞ መስታወትህን አላየህም ብሎ ይቆጣዋል። ሻምፒዮኑ በዚህ ሁሉ መቶ ሰማንያ ሰባተኛ መድረሱ ራሱ ተአምር ነው።

የገድ ነገር ያመጣው አጎት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከሠላሳ አንደኛው ሽንፈት በኋላ፣ መኪናዋን አቁሞ ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ። «መቼም የእናት ክፉ የለም። ግን ገድሽ ለዚህ ልጅ አልሆነውም።»

እናት አልተቀየመችም፤ ቅስሟ ነው የተሰበረው። በልጇ ጉዳይ ገደቢስ መባል ለማንም እናት ከባድ ነው፣ ለሷ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ መሰከረባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ አልገባችም። ልጇ በከተማው ሲጫወት ከአጎት ጋር ትመጣና መኪና ማቆሚያው ላይ ትቀራለች፤ ትርፉ ፍሬን ባለበት ወንበር ተቀምጣ የሕዝቡን ጩኸት እያዳመጠች፣ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር ፍሬኑን ትረግጣለች። አጎት በየዓመቱ የፍሬን ሸራ የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሷን መቅረት ከቤተሰቡ ይልቅ ያዘኑበት የሻምፒዮኑ ተጋጣሚዎች ናቸው። እነዚያ ልጆች ለእናቱ የነበራቸው አክብሮት ልዩ ነበር። ገና ስትገባ ቦርሳዋን ይይዙላታል፣ ከፊተኛው ረድፍ መረቡ ትይዩ ጥላ ያለው ወንበር ይፈልጉላታል፣ ካሸነፉ በኋላ መጥተው ጎንበስ ብለው እጇን ይጨብጣሉ። እሷም ማን አሳደጋቸው እያለች ስትመርቃቸው ትውላለች። መምጣቷን ከተወች በኋላ ደግሞ በየአገሩ ሻምፒዮኑን ባገኙት ቁጥር፣ እናትህ ደህና ናቸው ወይ፣ ምነው ጠፉ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው የገዛህላቸው ያ ቢጫ ኮፍያ አለ ወይ ይሉታል። ኮፍያውን እሱ ነበር የገዛላት፤ ከሕዝቡ መካከል በቀላሉ እንዲያገኛት ብሎ በጣም ቢጫውን መርጦ። ሰው ለሰው እንዲህ ሲያስብ አይቶ ብዙ ጊዜ ሆዱ ባብቷል።

የመጨረሻው ውድድር ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሻምፒዮኑ ራኬቱን ክር ሊያስወጥር ሄደ። የውድድሩ ክር ወጣሪ የዱሮ ተጋጣሚው ነው፤ በግራ እጁ ስለሚጫወት ግራኙ ይሉታል። ከአራት ዓመት በፊት ትከሻው ተበላሽቶ ጨዋታ አቆመና አሁን ከሜዳው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በጠረጴዛ ላይ በታሰረች ማሽን የሰው ራኬት ሲወጥር ይውላል። ሁለቱ አሥራ አራት ጊዜ ተገናኝተው ግራኙ ዘጠኙን አሸንፏል። ግራኙ ራኬቱን ማሽኑ ላይ አሰረ፣ ክሩን በመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች አሳለፈ፣ ከዚያ እጁን አቆመ።

«ወንድሜ፣ ልትሰናበት ነው አሉ» አለ። «እኔም ሳልሞት ልንገርህ። እኛ እኮ አንተን አናይህም ነበር። የምናየው እናትህን ነው።»

ሻምፒዮኑ አልገባውም። ግራኙ ላብ ላብ እያለው አስረዳው። ሻምፒዮኑ ሰርቭ ሊመታ ሲል ያቺ ባለ ቢጫ ኮፍያ ሴትዮ ጋደል ትላለች። ቀኝ ትከሻዋ ከወረደ ኳሷ የምትመጣው በቀኝ ነው፤ ግራው ከወረደ በግራ። ተሳስታ አታውቅም። ግራኙ ይህን የደረሰበት በሁለተኛ ጨዋታቸው ነበር፤ ለአንድ ወዳጁ ነገረው፣ ወዳጁ ለወዳጁ ነገረ፣ ከዚያማ አገር ያወቀው ሆነ። ዛሬ ሜዳ የሚወጡት ልጆች ኮፍያውን በዐይናቸው ባያዩትም ከታላቆቻቸው ሰምተውታል።

«ቦርሳዋን የምንይዘውስ ለምን ይመስልሃል?» አለ ግራኙ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ከኋላ እንዳትቀመጥብን ነው።»

ሻምፒዮኑ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ማሽኑን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ራኬቱን ሳይወስድ ወጥቶ ሄደ፤ ግራኙ ይህን ያየ ጊዜ ሊመታኝ ነው ብሎ በሩን ቆለፈ። ሻምፒዮኑ ግን በንዴት አልነበረም የወጣው። አንድ ነገር ነው ያስጨነቀው። እሱ ራሱ ወዴት እንደሚመታ የሚያውቀው ኳሷን ሽቅብ ሲወረውር ነው። እናቱ ታዲያ ከሱ ቀድማ በምን አወቀች?

በቀጥታ እናቱ ቤት ሄደ። እሷ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሰላም ብሏት ወደ ግቢው አለፈና ከኪሱ ኳስ አውጥቶ፣ ሜዳ ላይ እንደሚያደርገው፣ ምንም ሳያስብ ማንጠር ጀመረ። እጁ ሲበቃው አቆመ።

«ቀኝ!» አለች እናቱ ከወጥ ቤት፣ ቀና ሳትል።

ደግሞ አነጠረ። አቆመ።

«ግራ። ምነው ልጄ፣ ስልክ የለህም? ራሴን እያዞርከኝ ነው።»

ሻምፒዮኑ ግቢው መሐል ቆሞ ቀረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነጥር በጣቱ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ነበር። ከወጥ ቤት «ቀኝ» የሚል ድምፅ መጣ። አንሶላው፣ ገመዱ፣ መጥበሻው ሁሉ ባንዴ ትዝ አለው። እሱ የረሳውን ነገር እጁ አልረሳም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ሰው ፊት፣ ወዴት እንደሚመታ አስቀድሞ ለእናቱ ሲነግራት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ በሰማች ቁጥር፣ መጥበሻ ባይኖራትም፣ ኳሷን ልትመልስ ትዘጋጃለች። መጋደሏን ራሷ አታውቀውም።

አንድ ሰው ደህና ልብ ካለው እዚህ ጋ ወጥ ቤት ገብቶ ነገሩን ይናገራል። ሻምፒዮኑም አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን አራት መቶ ሦስተኛ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ መላ ካገኘ መላው በልቡ ይፈላል። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቆጥሮ ማንጠርና የተነገረውን መገልበጥ። ጎዶሎ አንጥሮ ወደ ግራ፣ ጥንድ አንጥሮ ወደ ቀኝ። እናቱ ትጋደላለች፣ ተጋጣሚው እሷን አይቶ ይሄዳል፣ ኳሷ በሌላ በኩል ታልፋለች። እናቱ ካወቀች ግን ትደነግጥና ትገተራለች። ስለዚህ ምንም አልነገራትም። ሜዳ ግቢ ብቻ አላት።

እሷ በጀ አላለችም። በመጨረሻ ቀንህ እድልህን አላበላሽም፣ መኪናው ይበቃኛል አለች። አጎትም ተጠርቶ መጥቶ፣ ይህ ማለት ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ አድርጎ መልቀቅ ነው ብሎ ከእህቱ ጋር ቆመ። ሻምፒዮኑ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ቢያኮርፍም አልሆነም። በመጨረሻ ከልቡ የሆነው ነገር አመለጠው።

«እማ፣ ብሸነፍም አንቺ ፊት ልሸነፍ። ሌላ ጊዜ የለኝም እኮ።»

እናቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቁም ሣጥን ከፍታ ኮፍያውን ስታወጣው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳታጸዳው እንዳላደረች ያስታውቅ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተጋጣሚው ረጅሙ የሚሉት ልጅ ሆኖ ቀረበ። ረጅሙ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ሲቆም ጥላው ከሌላው ሰው ቀድሞ ሜዳ ይገባል። የባለ ቢጫ ኮፍያዋን ወሬ የሰማው ካደገባት ክለብ ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን ተረት ይመስለው ነበር። እናት በበሩ ስትገባ ሲያይ ፊቱ በራ። ሮጦ ሄዶ ቦርሳዋን ተቀበላት፣ እማማ በዚህ በኩል ይሻልዎታል ብሎ ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጣት፣ የሚጠጣ ውኃም አመጣላት። እሷም ወደ አጎት ዞር ብላ፣ የዛሬ ልጆች ሥርዓት የላቸውም የሚሉት ውሸታቸውን ነው አለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሻምፒዮኑ ዘጠኝ ጊዜ አነጠረ። ጎዶሎ ነው፤ ቢጫው ኮፍያ ወደ ቀኝ ጋደል አለ፣ ረጅሙም ወደ ቀኝ ተራመደ። ኳሷ በግራ በኩል ብቻዋን፣ የሚቀበላት አጥታ አለፈች። አሥር ጊዜ አነጠረ፤ እናትና ረጅሙ ወደ ግራ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ። ረጅሙ ራኬቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አሰረ። በሃያ ስድስት ደቂቃ ውስጥ፣ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጉት ሁለት ዙሮች የመጀመሪያው ስድስት ለአንድ አለቀ። አጎት በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት አውጥቶ ጎኑ ለተቀመጠው ሰው ማሳየት ጀመረ። ሻምፒዮኑም ሳቁ አላስቆም ብሎት ፊቱን በፎጣ ሸፈነ።

በሁለተኛው ዙር አምስት ለአንድ እየመራ ፎጣውን ሲያወርድ ግን እናቱን አየ። እስከዚያ ድረስ ሲያይ የነበረው ኮፍያውን ነው፤ ፊቷን አላየም ነበር። ሁሉም ሰው እያጨበጨበ እሷ ብቻ ዝም ብላለች። ጣቶቿን አንድ ባንድ እያጠፈች ትቆጥራለች፣ ትጨርስና ኳሷ የሄደችበትን ታያለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ጆሮዋንም በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገች። ልጇን እያጣች ያለች ሰው ፊት ነበር።

ይህን ካየ በኋላ ሻምፒዮኑ መገልበጡን ቢቀጥልም እንደ ቀድሞው አልመታም። ረጅሙም በበኩሉ ሞኝ አልነበረም። ሴትዮዋ አርጅታ ተገላብጦባታል ብሎ አሰበና እሷ ከምትጋደልበት በተቃራኒ መሄድ ጀመረ። እንዳሰበውም ሆነለት። አምስት ለሁለት፣ አምስት ለሦስት፣ አምስት ለአራት ሆነ። አጎት ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰና መስታወትህን፣ መስታወትህን እያለ በአፉ አልጎመጎመ።

ሻምፒዮኑ ለማሸነፊያው ሰርቭ ሲቆም እናቱ ኮፍያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን ከላዩ አጣጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር። መቁጠሩን ትታዋለች። አሁን ረጅሙ አይቶ የሚከተለው ትከሻ ስለሌለ ጨዋታው ተራ ጨዋታ ሆነ፤ አንዱን ነጥብ እሱ ሲወስድ ሌላውን ረጅሙ እየወሰደ፣ እንደምንም ብሎ ለመጨረሻዋ ነጥብ ደረሰ። አንዲት ኳስ ቀርታለች። ይህችን ካሸነፈ እናቱ አየችው ማለት ነው። እናቱ ግን አንገቷን ደፍታለች፤ በሠላሳ ሁለተኛውም ጊዜ ልታይለት አይደለም። ያን ጊዜ ሻምፒዮኑ መላውን ሁሉ ጠላው። «ልጄ፣ በአንሶላው ግቢ ያስያዝኩህን ነገር ከዳህ» የተባለ መሰለው፤ የተናገረው ግን ማንም የለም።

ኳሷን ማንጠር ጀመረ፤ ጠንከር አድርጎ፣ ድምፁ እንዲሰማ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ፣ አሥር። እናቱ ቀና አለች። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት ብሎ አቆመ።

ጥንድ ነበር። እናቱ ሳትፈልግ፣ እምነትም ሳይኖራት፣ ወደ ግራ ጋደል አለች። ረጅሙ አያት፣ በልቡ ሳቀ፣ በዕለቱ በተማረው ትምህርት መሠረት ወደ ቀኝ በሙሉ ርዝመቱ ተወረወረ። ሻምፒዮኑም ሃያ ሰባት ዓመት እንደኖረበት ወደ ግራ መታ። ኳሷ መስመሩን ላሰችና አለፈች።

እናት ከሁሉም በፊት ተነሥታ ቆመች። ያጨበጨበችው ለማሸነፉ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ የነጥቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወዳለበት ዞር እንኳ አላለችም። ረጅሙ ከወደቀበት ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ መጣና እንደ ደንቡ እጇን ጨበጠ፤ እሷም አይዞህ ልጄ ብላ መረቀችው። ሻምፒዮኑ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ አቅፋ ጆሮው ስር ተናገረች።

«የመጨረሻዋን አወቅኳት» አለችው። «ሌላውን ሁሉ አላውቅህ ብዬ ነበር። በየሜዳው ሰው ሁሉ እያየህ እኔን ብቻ ስታወራኝ ነበር የኖርከው። ዛሬ ጨርሶ የዘጋኸኝ መስሎኝ ፈራሁ።»

ሻምፒዮኑ፣ መኪና ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ትከሻዋን፣ ግራኙን፣ ውኃ የሚያመጡትን ባለጌ ጨዋዎች፣ የዛሬውን የራሱን ውሸት። ከኋላ ወንበር ሲናገር አጎት መሪውን እንደያዘ ቀረ፣ እናትም ከፊት ትርፉን ፍሬን ረግጣ ሳትለቅ አዳመጠች። ሲጨርስ ፍሬኑን ለቀቀች። ስለ ውሸቱ አልተቆጣችም፣ ስለ ተጋጣሚዎቹም አላነሣችም።

«እንግዲያው ገደቢስ አይደለሁማ» አለች።

«አይደለሽም፣ እማ።»

«ትከሻዬ ነዋ።»

«ትከሻሽ ነው።»

ኮፍያዋን አድርጋ መሐረብ አወጣችና አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች፣ ሁለቱም ተደባልቀው መኪናውን ነቀነቁት። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ ወንድሟ ዞረች። ለዘጠኝ ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለሰማችው ጩኸት ሁሉ ስትነግረው ድምፅዋን አንድ ጊዜም ከፍ አላደረገችም፤ ሰውየውን ያስፈራውም እሱ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ማን ሜዳ ገብቶ ማን መኪና እንደሚጠብቅ እሱው ራሱ ሳይጠየቅ ተናገረ።

ሐሙስ ዕለት የውድድሩ ሁለተኛ ጨዋታው ነበር። አጎት በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ በትርፉ ፍሬን በኩል፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። የዕለቱ ተጋጣሚ ከሻምፒዮኑ በሁሉ ነገር የሚበልጥ ሰው ነው፤ ቢሆንም ለእናቲቱ ወንበር ከማምጣት አልቦዘነም። እሷ አሁን አውቃለች፤ እንደ ሐውልት እቀመጣለሁ ብላ ለልጇ ምላለች። ሁለት እጇን ጭኗ ስር አድርጋ ተቀመጠች። ከንፈሯን ነከሰች። ኳሷ መንጠር ስትጀምር ግን ትከሻዋ የራሱ ጌታ ሆነ፣ ኮፍያውም ተከተለው።

ሻምፒዮኑ መገልበጥ ይችል ነበር። ወይ ደግሞ አራት ጊዜ ብቻ አንጥሮ በድንገት መምታት፣ ወይም ጨርሶ አለማንጠር። ግራኙ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ይህን ሁሉ በእጁ ምልክት እያሳየ ይለምነው ነበር፤ ስለ ቆየው በደሉ ካሳ መሆኑ ነው። እሱ ግን አንዱንም አላደረገም፤ የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለሁለት ተሸነፈ። በሁለተኛው ዙር አምስት ለአንድ ሲመራ ሰው ወደ መውጫው መተራመስ ጀመረ፤ የሻምፒዮኑ ሙያ ልታበቃ አንዲት ነጥብ ነው የቀራት። ወደ እናቱ አየ። መሐላዋን ትታ፣ እጆቿን ከጭኗ ስር አውጥታ፣ የሌለ መጥበሻ እንደያዘች ሁሉ ወደፊት ዘንበል ብላ እየጠበቀችው ነበር።

አሥራ ሁለት ጊዜ አነጠረ። ቢጫው ኮፍያ ወደ ግራ ጋደል አለ፣ ተጋጣሚውም ወደ ግራ ተራመደ። ሻምፒዮኑ ሁለቱንም አየ፤ ከዚያ ኳሷን ወደ ግራ መታት።